ደረት ላይ የዋለ

ኦክቶበር 18፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ሮይ ድንቹን ላውጣ ብሎ ወጥቶ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተመለሰ። በዚያው ጫማው ኩሽና ሊገባ! አርባ አራት ዓመት አብሬው ኖሬ ጫማ ማውለቅ አላስተማርኩትም።

ደረት ላይ የሚሰኩትን የፖፒ አበባ ፒኖቼን ከነሰሌዳቸው ከግድግዳው አውርጄ አቧራቸውን ጠረግኩ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ደርሰዋል። የባቡር ሠራተኞች ፖፒ፣ የነርሶች፣ የእሳት አደጋ፣ የእግር ኳስ ክለብ አርማ ያለባቸው... ሁሉም ቀይ፣ ሁሉም ደረት ላይ የዋሉ። ደንቤ እሱ ነው። ከነላስቲኩ ሊሸጥልኝ የሚመጣን ሰው አላናግርም። በጦርነት ለወደቁት ተብሎ የሚደረግ ነገር ነው። ሰው ደረት ላይ ሆኖ ዝናብ ካልመታው ምኑን ፖፒ ሆነ? ጌጥ ነው እንጂ።

የቀረኝ አንድ ብቻ ነው። የክሬግ ሻለቃ ጦር ፖፒ። ልጄ አፍጋኒስታን የወደቀ ጊዜ ጓደኞቹ ሁለት መቶ አሠርተው ነበር። ለእኔም በፖስታ ልከው ነበር አሉ። ያኔ ፖስታ መቼ እከፍት ነበር? ከአልጋ መቼ እነሳ ነበር? የት እንደገባ አላውቅም። አሥራ ስድስት ዓመት ሆነው።

ኦክቶበር 20፣ ሰኞ

የቤታኒ ልደት። ልጄ አርባ ሁለት ሞላት። ሮይ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ቆልፎ ደወለላት። እንዳልሰማ ብሎ ውሃውን ከፈተው። እኔና እሷ ከተኳረፍን ስድስት ዓመታችን ስለሆነ ነው... ምስኪን ሰውዬ። አልሰማሁም አልኩ።

ኦክቶበር 23፣ ሐሙስ

ደሜ ፈልቷል፤ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የፒን ለዋጮች ቀን ነበር። ሚስተር ኦግደን መጡ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ፋብሪካው ሳይዘጋ የሽመና ማሽን መካኒክ ነበሩ። ሣጥናቸውን ከፈቱ። መሀል ላይ የክሬግ ሻለቃ! ጎንበስ ብዬ አየሁት።

"ስንት ይላሉ?"

"አልሸጥም። እለውጣለሁ።"

"የፈለጉትን ይምረጡ። ሰሌዳውን በሙሉ ላምጣልዎት?"

"የምፈልገው አንቺ ጋ የለም፣ ልጄ። ነጭ ነው የምፈልገው።"

ነጭ! ጦርነት ይብቃ የሚሉት ሰዎች የሚያደርጉትን! እዚህ ከተማ ውስጥ ነጭ ፖፒ አድርጎ የሚሄድ ሰው የለም። ማለቴ... አንዲት ነበረች።

ሴት አያታቸው ታደርግ ነበር አሉኝ። የበኩር ልጇ በመጀመሪያው ጦርነት ሞቶባት። ከዚያ ጦርነት በኋላ ነጩን ያወጡት ሴቶች ናቸው አሉ፤ ብዙዎቹ ባልና ልጅ የሞተባቸው። እሷ አድርጋ ፋብሪካ ስትገባ ከሥራ አባረሯት። ስትሞት አክስታቸው ከመሳቢያ አውጥታ እሳት ውስጥ ጣለችው። እሳቸው ትንሽ ልጅ ሆነው እያዩ።

እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ወይስ ቤታኒ ነግራኝ አልሰማሁም?

"በፖስታ ይሸጣል እኮ። አዲስ አስመጣልዎታለሁ" አልኳቸው።

"ደረት ላይ ያልዋለ ምን ያደርግልኛል? ደንቡን ያወጣሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

አዳራሹ ሙሉ ሰው ሳቀ። በገዛ ደንቤ!

ኦክቶበር 24፣ ዓርብ

ይህን ጽፌው አላውቅም። ዛሬ ልጻፈው።

በጦርነት የወደቁት የሚታሰቡበት እሑድ ነበር፣ የዛሬ ስድስት ዓመት። ሐውልቱ ጋ ቆመን ሳለ ቤታኒ ከሊድስ መጣች። ካፖርቷ ላይ ነጭ። "ወንድምሽን አዋረድሽው" አልኳት። "እማዬ፣ ወንድሜ ነው። የፈለግኩትን አደርግለታለሁ" አለችኝ። ከደረቷ ላይ ነጠቅኩት። መሬት ጥዬ ረገጥኩት። ሰው ሁሉ እያየ። እሷ ዞራ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄደች።

ትክክል ነኝ ብዬ ነበር። ዛሬ ይህን ስጽፍ ግን ሁለት ጊዜ የሰረዝኩት ለምንድነው?

ኦክቶበር 28፣ ማክሰኞ

ነጩ በፖስታ መጣ። ለክሬግ ሻለቃ ስል ነው፤ ለሌላ አይደለም። ሹራቤ ላይ ሰክቼ ቀኑን ሙሉ ኩሽና ውስጥ ዋልኩ። ማታ ሚስተር ኦግደን ጋ ደወልኩ።

"ዛሬ ስምንት ሰዓት ሙሉ አድርጌው ዋልኩ።"

"ማን አየሽ?"

"ሮይ።"

"ሮይ ባል ነው፣ ሰው አይደለም። ውጪ ወጥተሽ፣ ሰው ፊት፣ ፖፒ በሚደረግበት በኖቬምበር!"

ዘጋሁባቸው። ሽማግሌ ባይሆኑ ኖሮ...

ሮይ ድንች እየላጠ ሰምቷል። "ስጪኝ፣ እኔ አደርገዋለሁ" አለ።

"አንተ? ሰው ምን ይልሃል?"

"ቀለሙ ለእኔ ምንም አይደለም፣ አቭሪል። ቤታኒ በደወልኩላት ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ 'እማዬ ደህና ናት?' ብላ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ። እኔን የሚያመኝ እሱ ነው።"

መላጡን ቀጠለ።  ስድስት ዓመት ሙሉ እየጠየቀች?

ኖቬምበር 1፣ ቅዳሜ

አደረግኩት።

ካፖርቴ ላይ ሰካሁት፣ ከላይ ሻርፕ ደረብኩበት። መንገዱን ካጋመስኩ በኋላ ማንን ነው የማታልለው አልኩና ሻርፑን አወለቅኩ። ስጋ ቤት ገባሁ። ሰልፉ እስከ በሩ ነበር። ባሪ አርባ ዓመት ቋሊማ የሸጠልኝ ሰው ነው፤ ክሬግ ሕፃን ሆኖ ባንኮኒው ላይ ቁጭ ያደርገው ነበር።

"አቭሪል፣ ምንድነው እሱ ደረትሽ ላይ?"

"ፖፒ ነው። ዓይንህ ደከመ?"

"አንቺም ጀመርሽ? ክሬግ ቢያይሽ ምን ይል ነበር?"

 አንዲት ሴትዮ ከኔ ራቅ አለች፤ በዓይኔ ነው ያየሁት።

"ክሬግ ልጄ ነው! የፈለግኩትን አደርግለታለሁ!" ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ወጣሁ።

ውጪ ከወጣሁ በኋላ ነው የገባኝ። ያልኩት የማን ቃል እንደሆነ። አውቶቡስ ማቆሚያው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ሁለት አውቶቡስ አለፈኝ።  እኔን የተናገረኝ ስጋ ሻጭ ነው። ልጄን የተናገረቻት እናቷ ናት። ያውም ከደረቷ ላይ ነጥቃ። ያን ቀን ያን ሁሉ መንገድ እስከ ባቡሩ ድረስ ብቻዋን እንዴት ሄደች?

"ቋሊማውስ?" አለ ሮይ።

"ዝም ብለህ ባቄላህን ብላ" አልኩት። ዝም ብሎ በላ።

ኖቬምበር 2፣ እሑድ

ስልኩን አነሳሁ፣ መለስኩት። ደግሜ አነሳሁ። የምለውን ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ መነጽሬ ጠፋ። በመጨረሻ እንዲያው ደወልኩ።

"አባዬ?"

"እኔ ነኝ።"

 ከዚያ በጩኸት፣ "አባዬ ምን ሆነ?!"

ወይ ጉድ! እኔ ከደወልኩ አባቷ ሞቶ መሆን አለበት። እዚህ ድረስ ደርሰናል።

"ምንም አልሆነም። ጓሮ ነው። ቤታኒ... ያን አበባ መርገጤ ጥፋት ነው። አንቺን ነው የረገጥኩት። ይቅር በይኝ።"

ትንፋሿ ይሰማኛል።  ጭንቅ ሲለኝ የስጋ ቤቱን ነገር ዘከዘክሁት። ሰልፉን፣ ባሪን፣ የሸሸችኝን ሴትዮ፣ ሁሉንም።

"ቆይ ቆይ። ነጭ አድርገሽ? አንቺ? ባሪ ስጋ ቤት?"

"አዎ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ያንቺን መልስ ሰጠሁት። ሌላ መልስ አልነበረኝም።"

ሳቀች። ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ።  ሁለታችንም ስልክ ይዘን እንነፋረቃለን።

"ለመታሰቢያው እሑድ ትመጫለሽ?" አልኳት።

"ከመጣሁ ነጩን አድርጌ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እማዬ፣ ሰው መሀል ነው። ከዚያ አንዱ ይናገራል፣ ደምሽ ይፈላል... አሁንም ብትለዋወጪብኝ ሁለተኛ አልመለስም። እውነቴን ነው።"

"አልለዋወጥም።"

"አስብበታለሁ" አለች።

አስብበታለሁ። እምቢ አላለችም። አይደል?

ኖቬምበር 6፣ ሐሙስ

ሚስተር ኦግደን ቤት ሄድኩ። ነጩን መብራት ላይ አድርገው አገላበጡት። ስፒሉ ታጥፏል፣ ጠርዙ ላይ ዝናብ ነክቶታል።

"የት ዋለ?"

"ስጋ ቤት።"

"ማን አየሽ?"

"ሰልፉ በሙሉ።"

"ምን አሉሽ?"

ነገርኳቸው።  ከዚያ መሐረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸውን ተናፈጡ፤ ጉንፋን ነው አሉ። "አያቴን ከፋብሪካ ያስወጧት ቀን እንዲህ ነበር የሆነችው፤ እናቴ ነግራኛለች። ደረት ላይ ውሏል። ውሰጂ ያንቺን።"

የክሬግ ሻለቃ ፖፒ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የእነ ክሬግ መኪና ሾፌር የነበረ ልጅ ሦስት ኖቬምበር አድርጎታል አሉኝ። ደስ አለኝ? አዎ፣ በጣም። ግን አሥራ ስድስት ዓመት የፈለግኩትን አግኝቼ የማስበው ስለ እሑዱ ባቡር ነው። ትመጣ ይሆን?

ኖቬምበር 8፣ ቅዳሜ

አልደወለችም። ሮይ "ልደውልላት?" አለ፤ ተዋት አልኩት። ፓርኪን የሚባለውን የዝንጅብል ኬክ ጋገርኩ፤ ዝንጅብሉን አበዛሁት፣ እሷ እንደምትወደው። ካልመጣች ሮይ ይበላዋል። መብላቱ አያስጨንቀኝም።

ኖቬምበር 9፣ እሑድ

ቀስ ብዬ ልጻፈው። አንድም ነገር እንዳይቀርብኝ።

ጠዋት አሥር ተኩል ላይ ሐውልቱ ጋ ደረስን። የአበባ ጉንጉኑ በእጄ፣ የክሬግ ሻለቃ ካፖርቴ ላይ። ቤታኒ የለችም። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ፣ የለችም። ሮይ መንገዱን ደጋግሞ ያያል። ጥሩምባው ተነፋ። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፣ የሁለት ደቂቃው ዝምታ ተጀመረ። አልመጣችም አልኩ በሆዴ። የሠራሽው ነው፣ ቻይው።

ከዚያ አንድ እጅ እጄ ውስጥ ገባ።

ዞሬ አላየሁም፤ በዝምታው መሀል አይዞርም። ግን እጇን አውቀዋለሁ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ነው። ስትተነፍስ ይሰማኛል፤ ከጣቢያው ሮጣ ነው የመጣችው። ባቡሩ ቆሞባት ነበር፣ በኋላ ነገረችኝ። ሁለቱ ደቂቃ ባያልቅ ደስ ባለኝ።

ጉንጉኑን የማስቀምጠው ሁልጊዜ ብቻዬን ነው። ስሜ ሲጠራ እጇን አልለቀቅኩም። "እማዬ፣ ነጩ..." አለች በሹክሹክታ። "ነይ" አልኳት። አብረን ወጣን። ከኋላ ጉርምርምታ ሰማሁ። "ነውር ነው" ያለ ድምፅም ነበር፤ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ አልጽፈውም። ደሜ ሊፈላ ሲል ቤታኒ አየችኝ። ቻልኩት። አቤት፣ እንዴት እንደቻልኩት! ጉንጉኑን አንድ ጎን እሷ፣ አንድ ጎን እኔ ይዘን አስቀመጥነው። ስንመለስ ባሪ ኮፍያውን አወለቀ። እኔን ሳይሆን እሷን እያየ፣ "እንኳን መጣሽ፣ ቤታኒ" አለ። ቋሊማ ከእሱ መግዛቴን እቀጥላለሁ።

በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሻይ ነበር። የምትቀዳው ሴትዮ ለከተማው አዲስ ናት፣ ማንንም አታውቅም። ወሬ ለመጀመር ያህል፣ "ስንት ልጆች አሉዎት?" አለችኝ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ለጠየቀኝ ሁሉ "አንድ ነበረኝ" ነበር የምለው። ሮይ ያውቃል። ቤታኒም ታውቃለች መሰለኝ፤ ስኒዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

"ሁለት" አልኳት። "ትልቋ ይቺትና። ታናሽ ወንድሟ ውጪ ድንጋዩ ላይ ስሙ አለ፤ ቤታኒ ታሳይዎታለች።"