ባለቤቴን በቀለም አንስተው ለሰቀሏት ክቡር ፕሮፌሰር

ለክቡር ፕሮፌሰር ኤልተን ሲንጋኖ
የሐይቅ ዳር የካንሰር ምርምር ተቋም የበላይ ኃላፊ
ንካታ ቤይ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የልጆችዎን ጤንነት፣ ይልቁንም የባለቤትዎን ደኅንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ፤ የባል ጤና በሚስት ጤና ላይ ምን ያህል እንደተንጠለጠለ ካለፈው የዝናብ ወራት ወዲህ በሚገባ ተምሬአለሁና። እኔ ራፋኤል ምፋንዴ እባላለሁ፤ ከገበያው በታች በሐይቁ ዳር ጀልባ የምሠራ አናጢ ነኝ። እኔን አያውቁኝም። ባለቤቴን ታዎንጋን ግን እኔ አብሬያት ኖሬ ካየኋት ይልቅ እርስዎ አቅርበው አይተዋታል። ስሟ ራሱ በቋንቋችን ምስጋና ማለት ስለሆነ፣ ይህንንም ደብዳቤ በምስጋና መጻፍ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

፩ኛ. ቤታችን ድረስ ስለመጡልን አመሰግናለሁ። ታዎንጋ እናቷንና ታላቅ እህቷን በጡት ካንሰር ቀብራለች። የራሷ ሕመም በታወቀ ጊዜ ሰዎችዎ በነጭ መኪና መጥተው ከእሷም፣ ከወንድሞቿም፣ ከአንዲቷ ልጃችን ከሉሱንጉም ደም ቀዱ። «ይህ ቤተሰብ ለሳይንስ ትልቅ ስጦታ ነው» አሉን። እስከዚያን ቀን ድረስ ስጦታ ብሎ የጠራን ሰው ስላልነበረ ደስ አለን፤ ታዎንጋም እያመማት ተነሥታ የካሳቫ ገንፎ ከተጠበሰ ኡሲፓ ዓሣ ጋር አቀረበችላቸው። ዓሣውን ከነአጥንቱ ጨረሱት። ሊሄዱ ሲሉ ሉሱንጉ «ውጤቱን መቼ ትነግሩናላችሁ?» ብላ ጠየቀች። «በጊዜው» አሏት፤ መኪናውም ሄደ።

፪ኛ. ስለ ሥቃይ ጥናትዎ የማመሰግንበት ቃል ያጥረኛል። ታዎንጋ የተኛችበት የሆስፒታል ክፍልና ተቋምዎ የሚለያዩት በአንድ አጥር ብቻ መሆኑን ያውቃሉ። በዚያ ክፍል ሞርፊን አልነበረም። ነርሷ ባዶውን ጠርሙስ አፉን ቁልቁል ደፍታ አሳይታኛለች፤ ከዚያ በኋላ ስንጠራት በሌላ በር መውጣት ጀመረች፣ እኔም አልፈረድኩባትም። ከእርስዎ ዘንድ ግን ወይዘሪት ካሊንዳ በየማለዳው አንድም ቀን ሳትቀር ትመጣ ነበር። ወደፊት ለሚሠራ አዲስ ማስታገሻ መነሻ የሚሆን መረጃ ትሰበስባለች። ከሚስቅ ፊት እስከሚያለቅስ ፊት የተደረደረበትን ስክሪን እያሳየች «እማማ፣ ዛሬ ሕመሙ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው?» ትላታለች።

«አስር።»

«ትናንትም አስር ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ታዲያ አሥራ አንድ ካለሽ አምጪውና ልበልልሽ፣ ልጄ» አለቻት ታዎንጋ። የጎረቤት አልጋ በሽተኞች ሳቁ፤ ባለቤቴ በዚያ ክፍል ሰው ስታስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከጻፍሽው በኋላስ ምን ትሰጪኛለሽ?» ስትላት፣ ወይዘሪቷ ዓይኗ እንባ አቀረረና «እማማ፣ እኔ መዝጋቢ ነኝ፤ መስጠት አልተፈቀደልኝም» አለች። ሰብአዊነቷን ስላየሁ አልቀየምኳትም። ታዎንጋ ፍራሹን ነክሳ ነው የሞተችው። በዚያም ማለዳ ወይዘሪቷ መጥታ አልጋውን ባዶ ስታገኘው ምን ቁጥር እንደሞላች ለማወቅ ብዙ ጊዜ ተመኝቻለሁ።

፫ኛ. ስለ አዲሱ መሣሪያዎ፣ ስለ ታላቁ ማይክሮስኮፕ። የሆስፒታሉ መብራት ሲጠፋ የእርሱ ክፍል መብራት እንደማይጠፋ፣ ሙቀትም እንደማይወድ፣ የአንዲት ሕዋስን ሆድ ዕቃ በቀለም ለይቶ እንደሚያሳይ በምርቃቱ ዕለት ከንግግርዎ ሰምቻለሁ። ስለ ጥሪው፣ ስለ ዶሮውና ስለ ቀዝቃዛው ለስላሳ አመሰግናለሁ። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ እስከ ጣሪያ የሚደርስ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር፤ ሐምራዊና አረንጓዴ፣ በመካከሉ እንደ ፍም የቀላ። እንግዶቹ በየተራ ከፊቱ ፎቶ ይነሡ ነበር። ሥዕሉ የተነሣበት ናሙና ከማን ዕጢ እንደተቆረጠ በጆሮዬ የነገረኝ ረዳትዎ ነው፤ እንደምኮራ አስቦ ነው መሰለኝ። አጠገቤ የቆመች አንዲት የተከበረች ሴት «እንዴት ያምራል! አበባ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አይ፣ ባለቤቴ ናት» አልኳት።

ሴትዮዋ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን በእጄ የያዝኩትን ብርጭቆ የት እንደማስቀምጠው ጠፋብኝ። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ስኖር ካሜራ ፊት ቆማ የማታውቅ ሴት ናት፤ ለማሳየት የምታፍረውን ገላዋን ከቆዳዋ በታች አንስተው ሰቀሏት።

በዚያው ንግግር በአንድ የንካታ ቤይ ቤተሰብ ውስጥ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የተበላሸ ዘረ-መል ማግኘትዎን አበሰሩ። ጭብጨባው ረዘመ። እኔም አጨበጨብኩ፤ የማን ቤተሰብ እንደሆነ የገባኝ እጄን ካወረድኩ በኋላ ነው።

ለዚህ ለአራተኛው ቁጥር መስጠት አቅቶኛል፤ ስለ ልጄ ስለሆነ ነው። ሉሱንጉ ገበያ ውስጥ ፀጉር ትሠራለች፤ የሁለት ሕፃናት እናት ናት። በማግሥቱ ቢሮዎ መጣች። እኔም አብሬያት ነበርኩ። በጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ባለሥልጣንዎ በጣም ጨዋ ሰው ነው።

«እኔ አለብኝ ወይስ የለብኝም?» አለችው።

«እሱን መናገር አንችልም፣ እህቴ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ለግለሰብ ውጤት መስጠት አልፈቀደም። ምስጢርሽን ለመጠበቅ ነው።»

«ከማን?»

«ከሁሉም ሰው።»

«ከእኔም?»

ሰውየው ብዕሩን አነሣ፤ መልሶም አስቀመጠው። «ደንቡ እንደዚያ ነው» አለ። ልጄ ተነሥታ ወጣች። በመንገድ ላይ «አባዬ፣ የእኔን ደም እኮ ነው የጠየቅኩት» አለችኝ። የወረዳው የጡት ራጅ ማንሻ ከተበላሸ ቆይቷል፤ በዋና ከተማው በሊሎንግዌ ወረፋ አስይዘናታል፤ እስካሁን አልተጠራችም። በሴት ልጇ ደረት ላይ ዓይኗን ተክላ ስትቀር አያታለሁ። ልጅቷ ገና ጥርስ እያበቀለች ነው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምጠይቅዎ ነገር የለኝም። ሞርፊኑን ብጠይቅ የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው ይሉኛል፤ ሥዕሉን ብጠይቅ የተቋሙ ንብረት ነው ይሉኛል፤ ውጤቱን ብጠይቅ ደንቡን ያነቡልኛል። ሁሉም እውነት ነው። እንደ አናጢ የምመሰክረው፣ ሥራዎ ቀዳዳ የሌለው መሆኑን ነው፤ ጠብታ አያፈስም።

ምርምርዎ እንዲሰምር፣ ሽልማቱም እንዲደራረብልዎ እየተመኘሁ፣ ከአክብሮት በቀር የሚቀዳ ነገር ያልቀረኝ፣

ራፋኤል ምፋንዴ
የሥዕሉ ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ እንዲታተም ለጋዜጣ ልሰጥ ስነሣ ሉሱንጉ ከጓዳ ጠራችኝ። በግራ ብብቷ ሥር እብጠት አግኝታለች። ወደ ሆስፒታሉ ወሰድኳት፤ ነርሷ ዳስሳት ስታበቃ ቀና ብላ አላየችንም። ደብዳቤውን ልቅደደው ብላት «ተወው፣ አንድ ነገር ብቻ ጨምርልኝ፤ ምስጢሬን እስከ መጨረሻው ስለጠበቁልኝ አመስግንልኝ» አለችኝ። ይኸው ጨመርኩ።