በሰደፉ ብቻ ስለሚሠራ ጠመንጃ

ጁላይ 16
ክሊር ፎርክ፣ ሚዙሪ

ለጠመንጃ ፋብሪካው የዋስትናና የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ቤተሰብዎንና በሥርዎ ያሉትን ሠራተኞች ሁሉ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። በተለይም በጓሯችሁ የታመመ አውሬ እንዳይመጣ፣ ቢመጣም በገዛ ምርታችሁ ከመከላከል አምላክ እንዲሰውራችሁ ምኞቴ ነው። እኛ በዚህ ሸለቆ ያለነው፣ ከአንዲት ሴት ፍየሎች በስተቀር፣ ደህና ነን።

ስሜ ዌንደል ስትራውብ ይባላል። የከብት መኖ፣ የአጥር ሽቦ፣ ሚስማርና በመንግሥት ፈቃድ ጠመንጃ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ላለፉት ሠላሳ አራት ዓመታት የዕለት ማስታወሻ ስለያዝኩ፣ ከዚህ በታች ያለውን የምገለብጠው ከደብተሬ ነው። ደብዳቤውን በወረዳችን ሳምንታዊ ጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ ለእርስዎ ለብቻዎ የጻፍኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ መልስ ለማግኘት ስድስት ሳምንት ስለፈጀበት፣ ይህኛውን በመንገድ የሚሸኘው ሰው ቢበዛለት ይሻላል ብዬ ነው። የፋብሪካችሁን ስም ከመደብሬ መስታወት ላይ በምላጭ ስለፋቅኩት እዚህም አልደግመውም። እርስዎ ራስዎን እንደማይስቱት እተማመናለሁ።

ባለፈው ማርች ወኪላችሁ «የሌሊት ዘብ» ያላችሁትን ጠመንጃ ይዞ መጣ። መልኩ ቁርጥ የወታደር ጠመንጃ ነው፤ ጥቁር፣ በየጎኑ መብራትና መነጽር የሚታሰርበት ሐዲድ ያለው፣ ሲያዩት የሚያስፈራ። የሚተኩሰው ግን እኛ ሽኮኮ የምናድንባትን ትንሿን ባለ ሃያ ሁለት ጥይት ነው። ከመደብሬ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ መቶ ጥይት ተኮስኩበት፤ አንድም ጊዜ ጥይት ቀርቅሮ አልነከሰም፣ አልከሸፈም። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር፦ የተኮስኩት ወኪሉ በሣጥን ባመጣው ጥይት እንጂ በመደርደሪያዬ ላይ ባለው አልነበረም። ሠላሳ አራት ዓመት የነገደ ሰው የሻጭን ወተት በሻጭ ኩባያ መቅመስ አልነበረበትም።

ከመጡት ውስጥ ሰባቱን ሸጥኩ። አንደኛዋን የገዙት ኦርፋ ቲብስ ናቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ በመንገዱ መጨረሻ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በፍየል ወተትና አይብ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። ትከሻቸው ቀዶ ጥገና ስለተደረገለት ትልቁን ጠመንጃ መሸከምም መተኮስም አይችሉም። ባንኮኒዬ ላይ ተደግፈው ያሉኝን በዚያው ቀን ጽፌዋለሁ፦

«አንተ ዌንደል፣ ስለ መልኩ አይደለም የምጠይቅህ። እኔ ለሰልፍ አልወጣበትም። ስስበው ይተኩሳል ወይ?»

«ይተኩሳል፣ እትዬ ኦርፋ» አልኩ።

በዚህ አገር ሰው ዕቃ የሚገዛው ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን አምኖ ሳይሆን ከባንኮኒው ጀርባ የቆመውን ሰው አምኖ ነው። ይህን የምጽፈው ጠመንጃውን ማን እንደሸጠላቸው እንዳይጠፋዎ ነው። እናንተ አይደላችሁም፤ እኔ ነኝ።

ሜይ 6 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አንድ ራኩን የሚባል ትንሽ የዱር አውሬ እየተንገዳገደ ከፍየሎቹ በረት ገባ። ፊቱ ላይ ጥቁር ጭምብል ያለው ይህ ሌባ በጨለማ እንጂ በብርሃን አይመጣም፤ በጠራራ ፀሐይ ከመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞታል ማለት እንደሆነ እዚህ ሕፃንም ያውቃል። እትዬ ኦርፋ ጠመንጃውን ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ አንሥተው ወጡ። በዐሥራ አምስት እርምጃ ርቀት አነጣጥረው ተኮሱ፤ ጥይቱ ከራኩኑ በስተ ግራ ያለውን የውኃ ገንዳ በሳ። ሁለተኛው ጥይት አልጎረሰም፤ የመጀመሪያው ቀለሃ ሳይወጣ ተቀርቅሮ ነከሰ። በጣታቸው አውጥተው፣ እንደገና አጉርሰው ቃታውን ቢስቡ ጠቅ ብሎ ከሸፈ። በዚህ ጊዜ ራኩኑ ፐርል የምትባለዋን ነጭ ፍየል አፍንጫዋን ይዟት ነበር። እትዬ ኦርፋ ጠመንጃውን ገልብጠው በአፈሙዙ ያዙና በሰደፉ ሦስት ጊዜ መቱት።

እኔ ተጠርቼ ስደርስ ራኩኑ ሞቷል፤ ሰደፉም ተሰንጥቋል። ሴትየዋ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠዋል።

«ሦስት ጊዜ ነው የመታሁት» አሉኝ። «ሁለቱ ለእሱ ነበሩ። ሦስተኛው ላንተ ነበር፣ ዌንደል።»

የራኩኑ ጭንቅላት ተመርምሮ በሽታው ተረጋገጠ። እጃቸው ላይ ጭረት ስለነበረ እሳቸው መርፌያቸውን ተከታትለው ተወጉ። ዐሥራ አንዱ ፍየሎች ግን ክትባት ስላልነበራቸው የወረዳው የእንስሳት ሐኪም በሽታው ይዟቸው እንደሆነ እስኪለይ ለስድስት ወር፣ እስከ ኖቬምበር 6፣ እንዲዘጋባቸው አዘዘ፤ ወተታቸው ይደፋል፣ ግልገል አይሸጥም፣ ከመካከላቸው የታመመ ሲገኝ ይገደላል። እትዬ ኦርፋ ከእነሱ በቀር መተዳደሪያም ጎረቤትም የላቸውም።

ይህንን ሁሉ በትሕትና ጽፌ ላክሁልዎ። ጁን 21 መልስዎ ደረሰኝ። ወረቀቱ በጣም ጥሩ ወረቀት ነው። በይዘቱ ላይ ግን የሚከተሉትን ጥቂት ቅሬታዎች ላቅርብ፦

አንደኛ። ሰደፉ የተሰነጠቀው «ምርቱን ከታለመለት ዓላማ ውጭ በመጠቀም» ስለሆነ ዋስትናው መሻሩን በአክብሮት ገልጸውልኛል። ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። እኔም በበኩሌ ልመስክር፦ ይህ ጠመንጃ በዚያን ዕለት ያለ እንከን የሠራው ከታለመለት ዓላማ ውጭ ብቻ ነው። እንደ ዱላ አልነከሰም፣ አልከሸፈም፣ ወደ ግራም አልሳተም። ወደፊት ያለ አፈሙዝና ያለ ቃታ ብታመርቱት ክብደቱም ይቀንሳል፣ ስማችሁም ይድናል። ደግሞም ስሙ «የሌሊት ዘብ» ሆኖ ሳለ አውሬው ቀን መምጣቱ የእኛ ስሕተት እንደሆነ አምነን ተቀብለናል።

ሁለተኛ። ጥፋቱ «ከመጠን ያለፈ ዘይት» ነው ብለዋል። ይህች ዐረፍተ ነገር በወረቀት ላይ አጭር ናት፤ እዚህ ግን አንድ ሰው ላይ ነው የወደቀችው። ዴልመር ሁፕስ የሚባል ጎረቤት አለኝ፤ ሃያ ዓመት በጦር ሠራዊት አገልግሏል። እናንተ ጠመንጃውን የወታደር አስመስላችሁ ስለሠራችሁት፣ በዚህ ሸለቆ ዩኒፎርም ለብሶ የሚያውቅ ሁሉ የድሮ ጠመንጃውን እንደሚቀባው በዘይት ነከረው። ትንሿ ጥይት ሰም ስላላት ከዘይቱ ጋር ስትቀላቀል ጭቃ ትሆናለች፤ ይህ እውነት ነው፤ ስሕተቱም የእኛ ነው። ራኩኑ ከመምጣቱ ከአንድ ሳምንት በፊት የእትዬ ኦርፋን ጠመንጃ ወልውሎ፣ በደግነት፣ እስኪንጠባጠብ ዘይት የቀባው ዴልመር ነበር። ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ወደ እሳቸው ቤት ዝር አላለም። የእናንተን ደብዳቤ ሳነብለት ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ፍየሎቻቸውን ያሰርኩባቸው እኔ ነኝ» አለ።

እኔ ግን ነጋዴ ስለሆንኩ ሚዛን ላይ ያልወጣ ነገር አልቀበልም። ጁን 24 እና 25 ያልተሸጡ ሁለት አዲስ ጠመንጃዎች ከሣጥናቸው አወጣሁ፤ አንዱን ዴልመር እንደ ልማዱ በዘይት ነከረው፣ ሌላውን እንደ መመሪያችሁ ደረቅ አድርገን ተውነው። በመደርደሪያዬ ላይ ያለውን፣ ሰው ሁሉ የሚገዛውን ጥይት ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት መቶ ተኮስን። በነከሰ ቁጥር ዴልመር አንድ ጠጠር ባርኔጣው ውስጥ ይጥላል። ዘይት የጠጣው ሠላሳ ሦስት ጊዜ ነከሰ። ደረቁ ሠላሳ አንድ ጊዜ። የዘይቱ ኃጢአት እንግዲህ ከሁለት መቶ ጥይት ሁለት ጠጠር ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ የእናንተ ነው። ምክንያቱንም በመለኪያ አገኘሁት፦ የጥይት ካዝናው ከንፈር ፕላስቲክ ስለሆነ፣ ሲሞላ ወደ ጎን ይከፈትና ጥይቷን አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አድርጎ ይሰዳታል።

ዴልመር ጠጠሮቹን ሲያፈስ፣ «ዌንደል፣ እኔ በሃያ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል የነከሰብኝ የጦር ሠፈሩ ወጥ ቤት ዳቦ ብቻ ነው» አለ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ደብተሬ ግን እንዲህ አላለም ይላል። ያለው፣ «ይኼን ለጠላት መሸጥ ነበር የሚሻለው፤ ጦርነቱ ቶሎ ያልቅ ነበር» ነው። ከዚያ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ እትዬ ኦርፋ ሄደ። ሰባት ሳምንት የጠፋውን ሰው በአጥሩ ላይ ሆነው፣ «የት ሞተህ ነው የከረምከው? ለእነዚህ ውኃ የሚቀዳ ሰው አጥቼ ወገቤ ተቆረጠ፤ በል ባልዲውን አንሣ» አሉት። አነሣ። ለዚህ ዕርቅ የእናንተን ደብዳቤ ሳይሆን ሠላሳ አንዱን ጠጠር አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ። ጠመንጃው «ለደረጃው ልዩ የሆነ የኢላማ ትክክለኛነት» እንዳለው ጽፈዋል። አልዋሹም፤ እኔም ያለውን አልነሣውም። ወኪላችሁ ትቶት በሄደው ጥይት፣ በመቆንጠጫ አስረን፣ በጥላ ሥር፣ በሃምሳ እርምጃ አምስት ጥይት ስንተኩስ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በጠርሙስ ክዳን መሸፈን ይቻል ነበር። ፀሐይ ላይ ግማሽ ሰዓት ስናቆየው ግን የማነጣጠሪያው መቀመጫ ፕላስቲክ በሙቀቱ እየጎበጠ ጥይቱ በዐሥራ አምስት እርምጃ አራት ጣት ወደ ግራ ሄደ። የእትዬ ኦርፋ የወጥ ቤት በር ወደ ምሥራቅ ይከፈታል፤ የጠዋት ፀሐይ ጀርባው ድረስ ትገባለች። በዚህ ሸለቆ ሽኮኮ የሚመታው ጭንቅላቱን ነው፤ ሆዱን መትቶ ሥጋውን ያበላሸ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ እራት ላይ ድስት ያጥባል። በእናንተ ጠመንጃ ያደነ ሰው ድስትም አያጥብም፤ ሽኮኮው አልተመታማ።

የሚስማማው ጥይት የትኛው እንደሆነም አንድ ዓይነት ብቻ ጠቁመውኛል፤ በሦስት ወረዳ ፈልጌ አጣሁት። ለሚመጣው አውሬ ጥይቱ ከከተማ እስኪደርስ በረቱ ደጃፍ ላይ እንዲጠብቅ በደብዳቤ እናሳውቀዋለን።

አራተኛ ብዬ የያዝኩት ስለ ቃታው ክብደት ነበር፤ ተውኩት። ጁላይ 9 ቀን ፐርል መብላት አቆመች፣ አፏ አረፋ ደፈቀ፣ ራሷን ከግድግዳው ጋር ታላጋ ጀመረች። ሐኪሙ መጥቶ ገደላት። እትዬ ኦርፋ መጥተው የነገሩኝ እንደ ቅሬታ አልነበረም፤ ለሌሎቹ ጨው ሊገዙ መጥተው ነው የነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቃታ መጻፍ አስጸየፈኝ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ገንዘብ አይደለም። የቀሩትን ስድስት ጠመንጃዎች ቤት ለቤት ዞሬ ከየበሩ ጀርባ ሰብስቤያለሁ። በሌሎች ሸለቆዎች ግን በስንት በር ጀርባ እንደቆመ እርስዎ እንጂ እኔ አላውቅም። እባክዎ ለገዢዎቹ አንዲት መስመር ይጻፉላቸው፦ «ካዝናው ይነክሳል፤ አትመኑት።» ከፈለጉ በዚያው ጥሩ ወረቀት ላይ።

እስከዚያው ድረስ ለሰጡን ትምህርት፣ ላሳዩን ትዕግሥትና ለስድስቱ ሳምንታት ዝምታ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ እንደ ጥይታችሁ ወደ ግራ ሳይስት በቀጥታ እንዲደርስዎ እመኛለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣ የቀድሞ ደንበኛ፣
ዌንደል ስትራውብ

ግልባጭ፦
ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም
ለወኪላችሁ፣ አዲሱን አድራሻውን የሚያውቅ ሰው ሲገኝ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከመልስዎ ጋር የላኩትን የደንበኛ እርካታ መጠይቅ ለእትዬ ኦርፋ አድርሼላቸው፣ በወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ በእርሳስ ሞልተውታል፤ አብሮ ተያይዟል። «ምርታችንን ለምን ያህል ጊዜ ተጠቀሙበት?» ለሚለው «አንድ ጥይት» ብለዋል። «ለወዳጅዎ ይመክሩታል?» ለሚለው «ዌንደል ለእኔ መክሮኝ ነበር፤ ወዳጅነታችን ገና በምርመራ ላይ ነው» ብለዋል። የመጨረሻው ጥያቄ «በምርታችን ተጠብቀው በሰላም የሚያድሩ የቤተሰብዎ አባላት ስንት ናቸው?» የሚል ነው። በመስኮቱ ወደ በረቱ አዩና ዐሥራ አንድ ብለው ጻፉ፤ አጠፉትና ዐሥር ብለው ጻፉ፤ ጥቂት ቆይተው እሱንም አጠፉት።

«ይኼኛውን ባዶ ተወው፣ ዌንደል» አሉኝ። «ኖቬምበር ስድስት ይለፍና ቆጥረን እንሞላላቸዋለን።»