ለማስተርሴ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሰኞ

«በእርስዎ ዕድሜ» አለኝ። ደገመና «በእርስዎ ዕድሜ»። መናኸሪያው ፊት ለፊት ቢሮ ከፍቶ የውጭ ትምህርት የሚያስጨርሰው ልጅ ነው። ለአርባ ስድስት ዓመት ሴት የአንድ ዓመቱ የማኔጅመንት ማስተርስ ይበቃታል ባይ ነው። እኔ የምፈልገው የሁለት ዓመቱን፣ የዓለም አቀፍ ንግዱን፤ ግማሹን እዚያው ፖላንድ፣ ኩባንያ ውስጥ እየሠሩ የሚማሩትን። የማሠራውን ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብሱን፣ እዚህ በርካሽ ገዝተው ውጭ በውድ የሚሸጡት ሰዎች የሚያውቁትን ማወቅ እፈልጋለሁ። ይኸው ነው። እስከ ዓርብ ይወስኑ ተብያለሁ።

ደግሞ የፖላንድ ብርድ ይከብድዎታል አለኝ። ለደብረ ብርሃን ሰው ስለ ብርድ ያስተምራል።

ማክሰኞ

ለሽመልስ ነገርኩት። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ የባና ሥራውንና ሱቁን አብረን ነው የያዝነው። ከመዘዞ የመጣውን ሱፍ መመዘኑን ቀጠለ። እንዲህ ዝም ሲል ነው የሚያናድደኝ። ልጮህበት አልኩና ዋጥኩት።

የሚያሳስበኝ፦ እንግሊዝኛዬ። ጉልበቴ፣ ደረጃ ስወጣ። ከልጄ እኩዮች ጋር አንድ ክፍል መቀመጥ። ሱቁ። አሁንም ሱቁ።

ረቡዕ

ከሥራ ስመለስ ሦስት ሽማግሌዎች በሬ ላይ ቆመዋል። ከማን ጋር ተጣልቼ ይሆን ብዬ ደነገጥኩ። ግቡ አልኳቸው፣ ገቡ። ተቀመጡ ብል እምቢ።

«እሺ ሳትዪን አንቀመጥም» አሉ አባባ ተሰማ፣ የሰፈራችን ታላቅ። ልመናው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ትምህርቱን እንድተው። የላካቸው ሽመልስ። ለአንድ ማስተርስ ሽማግሌ። አባቴ ቤት ሽማግሌ የቆመው ለጋብቻዬ ነበር፤ ያኔም እኔን የጠየቀ የለም። የለበሱት ባና እኮ የእኔው ነው።

«ላስብበት» አልኩ። ሳይቀመጡ ወጡ። ሽመልስ ሽማግሌ ከቤቴ ሳይቀመጥ እንዲወጣ አደረገብኝ። ይህን አልረሳለትም።

ሐሙስ

ጠዋት አባባ ተሰማ ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ የመጣሁ መስሏቸው ወንበር ሳቡልኝ። አልተቀመጥኩም።

«እኔም ሽማግሌ ልልክ ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

«ወደ ማን?»

«ወደ ሽመልስ። እርስዎን።»

«ለመሆኑ ትምህርቱ የምንድን ነው?» አሉ። እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ነገርኳቸው። እያወራሁ ድምፄ ከፍ ማለቱ ታወቀኝ፤ እሳቸው ግን አላቋረጡኝም።

«እሺ ልጄ፣ አሁን ተቀመጪ» አሉ። ተቀመጥኩ።

ዓርብ

የሽመልስ ሚስት ደወለችልኝ። ሦስቱም ሽማግሌዎች ማልደው መጥተው ሳሎኑ መሃል ቆመዋል። ተቀመጡልኝ እያለ ቢለምን «እሺ ሳትል አንቀመጥም» ብለውታል። ሳቄ መጣ። የራሱ ሽማግሌዎች ናቸው።

ከሰዓት ሽመልስ «እሺ» ብሏቸው ሱቅ መጣ። «እታለም፣ ያላንቺ ሥራው እጄ ላይ እንዳይሞት ፈርቼ ነው» አለኝ። ይህን ማክሰኞ ብትነግረኝ ምን ነበረበት አልኩት። ጮህኩበት፤ ሸማኔዎቹ ሁሉ ሰሙ። ቀለል አለኝ።

ከዚያ ለቢሮው ልጅ ደወልኩ። የሁለት ዓመቱን አልኩት። «እርግጠኛ ነዎት?» አለ። ነኝ አልኩ።

ሽመልስ እሺ ያለው ለእኔ ይሁን ለሽማግሌዎቹ አላውቅም። ንዴቴም ገና አልበረደልኝም። የሱቁን ቁልፍ ግን ሰጥቼዋለሁ፤ ነገ ብቻውን ይከፍታል። እኔ ቤት እውላለሁ። ከሱቁ መቅረቱን ከነገ ልለማመደው።