አሳማውን ስለ ቆረጡት «ዳይሬክተር»

ለተከበሩ ሚስተር ፋን ዊንግ-ኬይ፣
የፊልም አከፋፋይ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፤
ሆንግ ኮንግ

ክቡር ሆይ፣ ሙሉ ጤና፣ ይልቁንም የዓይን ጤና እየተመኘሁልዎ፣ የባለቤቴን የማክ ዪንግ-ቹንን ስም ከፖስተርዎ ላይ ፈልገው እንዲያገኙት በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ በመነጽሬ ላይ የጎረቤቴን መነጽር ደርቤ ያገኘሁት ከማተሚያ ቤቱ ስልክ ቁጥር ሥር ነው።

«ዘጠኙ ጣራዎች» የተባለውን የኩንግ ፉ ፊልም ያዘጋጀው ባለቤቴ መሆኑን ያውቃሉ፤ ያዋዋሉት እርስዎ ነዎት። ፖስተሩ ግን ከአናቱ ላይ ክንድ በሚያህል ፊደል «የታላቁ ዩን ሲዩ-ቦክ ፊልም» ይላል። እንግዲህ ምስጋናዬን ይቀበሉኝ።

፩ኛ፦ ታላቁ ዩን ለፊልሙ ስለ ደከሙት ድካም። ቀረጻ የጀመርን ዕለት፣ እንደ ፊልም ሠሪዎች ልማድ ለበረከት የተጠበሰው አሳማ ሲቆረጥ፣ እርስዎ በክብር እንግድነት የጋበዟቸው እኚህ ዝነኛ ሰው ቢላዋውን ይዘው ፎቶ ተነሡ፤ የደረቀውን ቆዳ መርጠው በሉ፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞር ብለው «ለመሆኑ የዚህ ፊልም ዳይሬክተር ማነው?» አሉኝ። በጣቴ አሳየኋቸው። ለካ ተሳስቼ ኖሯል፤ ስላረሙኝ እግዜር ይስጥልኝ።

፪ኛ፦ የባለቤቴን ትሕትና ስለ ጠበቁለት። አርባ ዓመት ሙሉ በታዋቂ ተዋንያን ቦታ ከጣራ ሲወድቅ፣ ፊቱ እንዳይለይ ጀርባውን ለካሜራ ሰጥቶ ኖረ። ወገቡ ሁለቴ ተሰብሯል፤ ስሙ አንዴም አልተጻፈም። በስድሳ ስምንት ዓመቱ የመጀመሪያ ፊልሙን ሠራ፤ ሐኪሙ እንዳለን ከሆነ የመጨረሻውም ነው። በስተርጅና ዝና አግኝቶ እንዳይባልግብኝ ስለ ተጠነቀቁልኝ ውለታዎ አለብኝ።

፫ኛ፦ ስለ ጸሐፊዎ። ደውዬ ብጠይቃት የባለቤቴ ስም ትኬት እንደማይሸጥ በጨዋ ደንብ አስረዳችኝ። እውነቷን ነው፤ ተጽፎ የማያውቅ ስም ምን ሊሸጥ ይችላል?

ማክሰኞ ዕለት አዲስ ሸሚዙን ለብሶ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ቆመና ፖስተሩን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ደግሞ አነበበው። እኔ አፌን ልከፍት ስል እጄን ያዝ አድርጎ «ተዪው፣ ጀርባዬን ለምደውታል» አለኝ። እኔ ግን አልለመድኩም፣ ክቡር ሆይ፤ አንጀቴ አርሯል። ፊልሙ አርብ ከመታየቱ በፊት ስሙን ሰው በሚያነበው ፊደል ያስጽፉለት።

ደግነትዎን ለሆንግ ኮንግ ሕዝብ ሁሉ ሳልናገር እንቅልፍ የማይወስደኝ፣ አክባሪዎ፣
ላው ሳው-ላን
የዳይሬክተሩ ሚስት

ማስታወሻ፦ በሰፈራችን አሳማ እየጠበሰ የሚሸጠው ቾይ በቀን አሥር አሳማ ይቆርጣል። ይህን ጉድ ከሰማ ወዲህ የራሱ ፊልሞች የት እንደሚታዩ እየጠየቀ መንገድ አላሳልፍ ብሎኛል። ምን ልበለው?