ልጄን ከሥራ እንዲያባርሩልኝ ስለ መጠየቅ

በቢቸና ለ«ብሩህ ተስፋ» የሥራ ዕድል ማስተባበሪያ ማዕከል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ሪፖርትዎ በየሩብ ዓመቱ እያደገ እንዲሄድ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ በዚሁ ከተማ ሃያ ስምንት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ባለፈው ሳምንት በስብሰባ ላይ ማዕከልዎ ለአንድ ሺህ አራት መቶ ሥራ አጦች ቋሚ ሥራ እንደፈጠረና ኢኮኖሚያችንም በዚሁ እንደተመነደገ አብስረውን ነበር። ከዕድለኞቹ አንዷ ልጄ እፀገነት መሆኗን ዘግይቼ ስለሰማሁ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማድረስ ተገድጃለሁ።

፩. በኢኮኖሚክስ ተመርቃ ሦስት ዓመት ቤት የተቀመጠችው ልጄ፣ አምና ስለ ወተት ላም እርባታ በሰጣችሁት የግማሽ ቀን ሥልጠና ተገኝታ አቴንዳንስ ላይ ፈርማ ነበር። ያ ፊርማ መዝገብዎ ውስጥ ሲገባ የእርባታ ዘርፍ ቋሚ ሠራተኛ አደረጋት። ላሟን ግን እስካሁን አላየናትም።

፪. ሞጣ ላይ የሚከፈት የዱቄት ፋብሪካ የሒሳብ ሠራተኛ ሊቀጥር ማስታወቂያ አወጣ፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሥራ አጦች በመሆኑም ከማዕከልዎ ማረጋገጫ ጠየቀ። ልጄ ለዚሁ ብትመጣ፣ የመዝገብ ክፍሏ ወይዘሮ ይርጋነሽ ኮምፒውተራቸውን አይተው፣ «አንቺማ ሥራ ላይ ነሽ እኮ የኔ ልጅ! ምነው፣ ለሌላውም ልቀቂለት እንጂ!» ብለው መክረው መለሷት።

፫. እኔ ራሴ ብመጣ፣ ስሟ የሚሰረዘው ከአሠሪዋ የመልቀቂያ ደብዳቤ ስታቀርብ ብቻ እንደሆነ እርስዎ በትዕግሥት አስረዱኝ። አሠሪዋ ማን እንደሆነ ብጠይቅዎ፣ እሱን ማወቅ ያለባት ሠራተኛዋ ናት አሉኝ። ለዚህ መልስዎ የሚሆን ቀመር ባስተማርኩባቸው መጻሕፍት ውስጥ አላገኘሁም።

ስለዚህ የፋብሪካው ምዝገባ ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋልና፣ ልጄን እስከ ሐሙስ ድረስ እንዲያባርሩልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ምክንያት ካስፈለገዎ፣ ከተቀጠረች ጀምሮ አንድም ቀን ሥራ ገብታ አታውቅም፤ ምስክሩ እኔ ነኝ። ቁጥርዎ በአንድ እንዳይጎድል ከሰጉም በእሷ ቦታ እኔን ይመዝግቡኝ፤ የማትታየዋን ላም ከትምህርት ቤት መልስ አልባታለሁ።

በዕድገታችን ፍጥነት ትንፋሽ አጥሮት፣ ለዙፋንዎ እጅ የሚነሣ፣
ሰውነት ወልደ ኪዳን
የሠራተኛዋ አባት

ማሳሰቢያ፦ ሥራ ካጣ አራት ዓመት የሞላው ጎረቤቴ ስጦታው አብሮኝ ሊፈርም መጥቶ ነበር። ብዕሩን ካነሣ በኋላ ግን መልሶ አስቀመጠውና፣ «ይቅርብኝ ጋሼ፤ ፈርሜ ሥራ ቢያስይዙኝስ?» አለኝ።