እትዬ እና ሽቅብ የሚነጉደው መስመር

ጥቅምት 3

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ካርድ ስገለብጥ ዋልኩ። ሆስፒታሎች የሚልኩትን የካንሰር ሕሙማን ካርድ በአካባቢያችን መዝገብ ላይ ማስፈር ነው እንጀራዬ። ዕድሜ፣ ሰፈር፣ በሽታው ሲገኝ የደረሰበት ደረጃ። ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ "ጡት፣ ጡት" ስል እውላለሁ። እቤት ግን ቃሉ ከአፌ አይወጣም፤ ጉሮሮዬን ሦስት ጊዜ ጠርጌ "ያ ነገር" እላለሁ። አስተዳደጌ ነው... ምን ላድርግ?

አለቃዬ ዶክተሯ የአምስት ዓመቱን የጡት ካንሰር ቁጥር በግራፍ አውጣልኝ አለች። አወጣሁ። መስመሩ ሽቅብ ይነጉዳል። ሆስፒታሉ የጡት ምርመራ ክፍል ከከፈተ ወዲህማ ለይቶለታል። እኔ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ከፍ ብዬ አላውቅም።

ጥቅምት 5

እራት እህቴ ቤት። እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። እናታችን ከሞተች በኋላ እኔንም ለክታ፣ ቆርጣ፣ ሰፍታ ለሰው ያበቃችኝ እሷ ናት።

"ሰሞኑን ምን ትሠራለህ?" አለች።

አፌ መቼ ያርፋል። እንደ ዜና አንባቢ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። "የሴቶቹ ካንሰር በአምስት ዓመት ከእጥፍ በላይ ሆነ። የምርመራ ክፍሉ ከተከፈተማ ጭራሽ..." ብዬ አወጅኩ። ማንኪያዋ አየር ላይ ቀረ። ባሏ በእግሩ ረገጠኝ። ምን ነካቸው?

ጥቅምት 6

የእህቴ ባል ቢሮዬ ድረስ መጣ።

"ይሄን ምላስህን የሚመዘግብልህ የለም?" አለኝ።

ጉዱን ሰማሁ። እትዬ ግራ ጡቷ ላይ የአተር ፍሬ የምታክል ጠጠር ነገር አግኝታለች። ሦስት ሳምንቷ። በስንት ልመና ልመርመር ብላ ነበር። ትናንት ሀሳቧን ለወጠች። "በሽታው የበዛው ክፍሉ ሲከፈት ነው፤ መዝገብ ቤት የሚሠራው ወንድሜ ነው የነገረኝ" አለች አሉ።

ስለዚህ በሽታውን የሚያሲዘው የምርመራው ማሽን ሆነ። የወሬው ምንጭም እኔ። የታመነ ምንጭ...

ብትዘገይብንስ? ሥራ አልሠራሁም ዛሬ። ደረጃ አራት የሚል ካርድ ባየሁ ቁጥር ደፍቼ አስቀምጠዋለሁ።

ጥቅምት 7

ሄድኩ። የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች፤ ቀና አላለችም።

"እትዬ፣ ስለዚያ ነገር..."

"ስለየቱ ነገር?"

ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"ስሙን ሳትጠራ ነው እንዴ የምትመዘግበው?"

ወጣሁ። እንደ ተባረረ ተማሪ።

ጥቅምት 8

ለዶክተሯ ሁሉንም ተናዘዝኩ። አልተቆጣችም። ያ ደግሞ ይብሳል።

"ግራፍህ ስንት መስመር አለው?"

"አንድ።"

"ጥፋትህ እሱ ነው። በደረጃ ለያየው።"

"በሽታው አልጨመረም ማለት ነው?"

"ከፊሉ የእውነት ጨምሮ ይሆናል። ከፊሉ ግን ድሮም ነበረ፤ የሚያየው አልነበረም።"

ካርዶቹን ስለይ ዋልኩ። በጊዜ የመጡት ወዲህ፣ ዘግይተው የመጡት ወዲያ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጨረስኩ። ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ። የጽዳት ሠራተኛዋ በሩን መልሳ ዘጋችልኝ።

ጥቅምት 9

ግራፉን ቢሮ ተውኩት። እትዬ ወረቀት አታምንም። የልብስ ቁልፍ የምታጠራቅምበትን ቆርቆሮ አንስቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት።

"አንተ ልጅ፣ በስንት ልፋት የለየሁትን..."

"ዝም በይና እይ።"

እትዬን ዝም በይ ስል በዕድሜዬ የመጀመሪያ ነው። ደንግጣ ወንበር ሳበች።

ጥቁር ቁልፍ ዘግይታ የመጣች ሴት ናት አልኳት። ነጭ ቁልፍ በጊዜ የመጣች። ክፍሉ ከመከፈቱ በፊት በነበረው ዓመት ሃያ ስምንት ጥቁር፣ አሥራ ሁለት ነጭ። ደረደርኩ። አምና ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ጥቁር፣ ሰባ አንድ ነጭ። ነጩ አልቆብኝ ቢጫ ጨመርኩበት።

ጥቁሮቹን በጣቷ ቆጠረች። ደገመች።

"ጥቁሩ ቀንሷል።"

"አዎ።"

"እነዚህ ነጮች ሁሉ ድሮ የት ነበሩ?"

"ቤታቸው።"

"ቁጭ ብለው?"

"ቁጭ ብለው።"

አንዷን ነጭ አነሳች። በጣቶቿ አገላበጠቻት... ከዚያ ጥቁሮቹ መሀል አስቀመጠቻት። አየቻት። መልሳ አወጣቻት።

"ጡት በል" አለችኝ።

"ምን?"

"በል እንጂ። አብረኸኝ ልትሄድ ነው። እዚያም ጉሮሮህን እየጠረግህ እንዳታዋርደኝ።"

አልኩ። ባሏ ጓዳ ሆኖ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አልለየሁትም።

ጥቅምት 13

ተመረመረች፤ ማሽኑ ጡት ተጭኖ ነው ፎቶ የሚያነሳው። ናሙናም ተወሰደ። "ልብስ ስተኩስ ስንት ዓመቴ፣ እንዲህ የሚጫን ካውያ አላየሁም" ብላ ወጣች። እኔ ውጭ ወንበር ላይ ጥፍሬን ጨርሻለሁ።

ጥቅምት 22

ካንሰር ነው።

ደረጃ አንድ። የእህቴ ባል "ጥሩ ነው መጥፎ?" ብሎ አራት ጊዜ ጠየቀኝ። አራቴም ጥሩ ነው አልኩት። አምስተኛ ሲጠይቀኝ እኔም ሄጄ ዶክተሯን ጠየቅኋት።

ኅዳር 4

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። እብጠቱ ብቻ ወጣ፣ ጡቷ ተርፏል። የጨረር ሕክምና ይቀራታል። ፋሻው ሲቀየርላት የሐኪሙን ስፌት አይታ አስተያየት ሰጠች። "እጁ ደህና ነው። ክር ላይ ግን ይሰስታል።"

ኅዳር 11

ካርዷ ደረሰኝ። ስም የለበትም፤ ዕድሜውንና ሰፈሩን ሳይ አወቅኋት። ለባልደረባዬ ልስጠው? በገዛ እጄ አሰፈርኩት። ከእኔ ጽሑፍ ሁሉ እሱ ያምራል።

መጋቢት 2

ጨረሩን ከጨረሰች ቆየች። ሥራ ላይ ናት።

ዛሬ ዶክተሯ ጠራችኝ። "ከአንድ ሰፈር በአንድ ወር አሥራ ስድስት ሴት ለምርመራ መጣ። እዚያ ምን ተፈጠረ?"

የተፈጠረውንማ አውቃለሁ። ልብስ ሰፊ የሴት ደረት ብትለካ ማን ይቃወማል? እትዬ ሜትሩን ትጠመጥምና "ተመርምረሻል?" ትላለች። አልተመረመርኩም ላለች አይፈታላትም። አንዷ ሩብ ሰዓት ታስራ ነው አሉ እሺ ያለችው።

አሥራ አራቱ ነፃ ናቸው። ሁለቱ ላይ ተገኘ። ሁለቱም በጊዜ። ራሳቸው መጥተው ለእትዬ ነግረዋታል።

ከሥራ ስወጣ ጎራ አልኩ።

"ለዶክተሯ ንገራት፤ ለሐሙስ ስድስት ሴት እልካለሁ፣ ወንበር ትጨምር" አለችኝ።

"እትዬ፣ መስመሩን ሰማይ ልታደርሺው ነው።"

"ይውጣ" አለች፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ። "አንተ ብቻ ለይተህ ጻፍ።"