አባትሽ የሰፋልሽ ካፖርት

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ። እንደምን ከርመሻል? እኛ ደኅና ነን። የጎደለን ነገር ቢኖር አንቺና፣ ሐኪሟ እንደምትለው፣ የአባትሽ ዚንክ ነው።

ደሙን መርምራ ዚንክም ብረትም አንሶታል አለችን። አባትሽ ሳቀ። «ዕድሜዬን ሙሉ መርፌ በጥርሴ ይዤ ስሰፋ ኖሬ ብረት አነሰህ ትይኛለሽ?» አላት። እሷም ስቃ ኪኒን አዘዘችለት። እኔን ለብቻዬ ጠርታ ግን «እስኪ ሲሞላለት እናያለን» አለችኝ። ምን እንደምናይ አልጠየቅኋትም።

ኪኒኑን ከምሳ በኋላ እኔው እሰጠዋለሁ። አሁን አሁን ልብስ ስፌት ቤቱ አብሬው ነው የምውለው፤ ደንበኛ ሲመጣም የምለካው እኔ ነኝ። ቤት ብቻዬን ከመዋል ይሻላል ብዬ እንጂ ለሌላ አይደለም።

ያንቺ ነገርማ ከአፉ አይጠፋም። ያለሽበት አገር ይበርዳል ሲባል ሰምቶ ካፖርት ሰፋልሽ። ሜትርም አላነሳ። «የልጄን ልክ እጄ ያውቀዋል» አለ። ስፌቱን ብታዪው ዛሬም የሚያህለው የለም። ጓንትሽን ትምህርት ቤት እንዳትጥይው ብሎ ከእጅጌው ጋር በክር አሰረልሽ።

ካፖርቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ለልጅሽ ልኳ የሚሆን ይመስለኛል፤ ጉንጯን ስመሽ አልብሺልኝ። እሱ ሲደውልልሽ ግን፣ አደራሽን፣ ለብሼዋለሁ በይው።

ናፋቂሽ እናትሽ